ጸጥ ያሉትን የኢጣሊያ ከተሞች በበጋ ለመጎብኘት ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል?

የኢጣሊያዋ ቬኒስ እ.ኤ.አ ከአፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ቀን ውሎ የሚመጡ ጎብኚዎችን በተመረጡ ቀናት የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል ጀምራለች። ክፍያው በመጀመሪያው ዓመት 5 ዩሮ የነበረ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት አስቀድሞ ላልከፈለ ጎብኚ 10 ዩሮ ሆኗል። ከተማዋ ወደዚህ እርምጃ የገባችው ጎብኚ አጥታ ሳይሆን በዝቶባት ነው። እ.ኤ.አ በ1951 ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ የነበረው ታሪካዊው የከተማዋ ክፍል በ2022 ከ50 ሺህ በታች ነዋሪ ቀርቶታል።

ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ በበጋ ወራት በሰው ብዛት ሲጨናነቁ፣ ከእነርሱ የአንድና የሁለት ሰዓት የባቡር መንገድ ርቀው የሚገኙ በርካታ ከተሞች ግን ተመልካች አጥተው ይውላሉ። ስለሆነም ረጋ ያለ ጉዞ የሚሹ መንገደኞች ፊታቸውን ወደ እነዚህ ትናንሽ ከተሞች ማዞራቸው እየተለመደ መጥቷል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የመንግሥት ሠራተኞችም ባዕድ አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና ዓለም አቀፉ የእርሻ ልማት ፈንድ ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸው ሮም ውስጥ በመሆናቸው ለስብሰባ ወደዚያ የሚያቀኑ ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሮምና ወደ ሚላኖ ይበራል። ከስብሰባው በኋላ የዓመት ፈቃዱን ጨምሮ አንድ ሳምንት ለመቆየት የሚያስብ ሰው ግን ትንሿ ከተማ ከትልቋ የበለጠ ዝግጅት እንደምትጠይቅ አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። ሮም ውስጥ አንድ አውቶቡስ ቢያመልጥ ሌላ ይመጣል፤ በተራራ ላይ ባለች ከተማ ግን የሚቀጥለው አውቶቡስ የሚመጣው በማግስቱ ሊሆን ይችላል።

በቅድሚያ ጸጥታው ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። ኢጣሊያ ወደ 7 ሺህ 900 የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች ያሏት ሲሆን ከእነዚህ 70 በመቶ ያህሉ ከ5 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ያላቸው ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ኢንዱስትሪዎችና ወደ ውጭ አገር በመፍለሱ፣ የብዙዎቹ ትምህርት ቤትና ፖስታ ቤት ተዘግቶ አዛውንቶች ብቻ ቀርተውባቸዋል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ ከ2010ሮቹ መጀመሪያ አንስቶ በሚከተለው የውስጥ አካባቢዎች ስትራቴጂ፣ አንድ ማዘጋጃ ቤት ኋላ መቅረቱን የሚለካው ነዋሪው ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ወደ ባቡር ጣቢያ ለመድረስ በሚፈጅበት ደቂቃ ነው። በዚህ መለኪያ ከሕዝቡ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነው ከአገልግሎት በራቁ አካባቢዎች ይኖራል።

ይህንን ለመለወጥ ከተወሰዱት እርምጃዎች ትልቁ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ነው። ለትናንሽ ታሪካዊ መንደሮች 1 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበ ሲሆን፣ ከየክልሉና ከየራስ ገዝ አስተዳደሩ የተመረጡ 21 መንደሮች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዩሮ እንዲያገኙ ተወስኗል። በአብሩትሶ ክልል በተራራ ጫፍ ባለ ጥንታዊ ምሽጓ የምትታወቀው ካላሺዮ አንዷ ናት። ጥቂት መንደሮች ብዙ ገንዘብ ሲያገኙ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ባዶ እጃቸውን ቀሩ የሚል ትችት ከትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች በኩል መሰማቱ አልቀረም። ትችቱ መሠረት የሌለው አይመስልም።

በዚህ ረገድ አንዲት ኢትዮጵያዊት የሠራችው ሥራ በመላው ኢጣሊያ ታውቆ ነበር። አጊቱ ጉደታ እ.ኤ.አ በ2010 ወደ ኢጣሊያ ተመልሳ በሰሜናዊው የትሬንቲኖ ግዛት፣ ሞኬኒ በተባለው ተራራማ ሸለቆ ባለቤት አጥቶ ጫካ በዋጠው የግጦሽ መሬት ላይ ለመጥፋት የተቃረበ የአካባቢውን የፍየል ዝርያ ማርባትና አይብ ማምረት ጀመረች። በጥቂት ፍየሎች የተጀመረው ሥራ አድጎ ምርቷን በትሬንቶ ከተማ ገበያ እስከማቅረብ ደርሳ ነበር። በዲሴምበር 2020 በመኖሪያ ቤቷ ተገድላ ስትገኝ ሐዘኑ የአገሬውም ሆኖ ነበር።

ወደ ዝግጅቱ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ሥራ ቪዛ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት የሚቻል ሲሆን፣ ክፍያው እ.ኤ.አ ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በአፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ እንዲሁም አባል አገሮች ለዲፕሎማቲክና ለአገልግሎት ፓስፖርት ባለቤቶች ያደርጉት የነበረው የክፍያ ምሕረት እንዲቋረጥ አድርጓል። ውሳኔው ጊዜያዊ ነው የተባለ በመሆኑ አመልካቹ በማመልከቻው ወቅት ያለበትን ደረጃ ማጣራት ይኖርበታል። ለስብሰባ የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ቀናት ካሉት ደግሞ የጉዞውን ሙሉ መርሐ ግብር፣ የሚያድርባቸውን ከተሞች ጭምር፣ ከመጀመሪያው በማመልከቻው ላይ ማስፈር አለበት። ለስብሰባው ቀናት ብቻ በተሰጠ ቪዛ ቆይታን ማራዘም አይቻልምና።

ቀጥሎ የሚመጣው የወቅቱ ምርጫ ነው። በአዲስ አበባ ክረምቱ በሚጠነክርባቸው በሐምሌና በነሐሴ በኢጣሊያ በጋው ይበረታል፤ ከባሕር በራቁ ሸለቆዎች የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ ኦገስት 15 ቀን የሚውለው ፌራጎስቶ አለ። በዓሉ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ዘመን የመጣ ሲሆን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእመቤታችን ዕርገት የሚከበርበት ነው፤ በኢትዮጵያ ነሐሴ 16 ቀን ከሚከበረው ጋር በሳምንት ብቻ ይለያያል። በዚያ ሰሞን ኢጣሊያውያን ራሳቸው ለእረፍት ስለሚወጡ የባሕር ዳርቻው ይሞላል፤ በውስጥ ከተሞች ደግሞ ሱቁም ምግብ ቤቱም «ለእረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይጠፋል። ጸጥታ ፈልጎ የሄደ መንገደኛ ከሚጠብቀው በላይ ጸጥታ ያገኛል ማለት ነው። የሚመረጠው ጁን ወይም ሴፕቴምበር ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ለአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ጁን አይመችም፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ግን ሙቀቱም የሚበርድበት፣ ሱቆችም ተመልሰው የሚከፈቱበት ነው።

ከተሞቹን በመምረጥ ረገድ በኢጣሊያ የታወቁ ሦስት መዝገቦች ይረዳሉ። እ.ኤ.አ በ1894 የተመሠረተው የኢጣሊያ ቱሪንግ ክለብ ከ15 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ላላቸውና ከባሕር ዳርቻ ለራቁ ከተሞች በ1998 መስጠት የጀመረው ብርቱካናማ ባንዲራ አንዱ ነው። የኢጣሊያ ውብ መንደሮች ማኅበር በ2001 የተቋቋመ ሲሆን ከ300 በላይ አባላት አሉት። ቺታስሎ የተባለው ሦስተኛው፣ በ1999 በኦርቪየቶ ከተማ በአራት ከንቲባዎች የተጀመረ፣ ከ50 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላቸውና ኑሯቸውን ከጥድፊያ ለመጠበቅ የተስማሙ ከተሞች ኅብረት ነው። ይሁን እንጂ በመዝገብ መስፈር ለጸጥታ ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ከሮም በስተሰሜን የምትገኘው ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ በቂ ምሳሌ ናት። በሚሸረሸር ኮረብታ ላይ የቆመችው፣ በእግረኛ ድልድይ ብቻ የምትደረሰውና «የምትሞተው ከተማ» የሚል ስም የወጣላት ይህች ስፍራ ቋሚ ነዋሪዋ ከአሥራዎቹ ባያልፍም ጎብኚዋ ከመብዛቱ የተነሣ እ.ኤ.አ በ2013 የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል ጀምራለች። የባኞሬጆ ማዘጋጃ ቤት ከዚህ በሚያገኘው ገቢ የነዋሪዎቹን የማዘጋጃ ቤት ግብር ማንሣት ችሏል። ለከንቲባው መልካም ዜና ቢሆንም ጸጥታ ለሚሻ መንገደኛ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

የአንድ ሳምንት ጊዜ ያለው ሰው አገሩን ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ አንድ የባቡር መስመር ይዞ ቢጓዝ ያተርፋል። ከሮም ተነሥቶ የአፔኒን ተራሮችን አቋርጦ አድርያቲክ ባሕር ላይ አንኮና የሚደርሰው መስመር ለዚህ አመቺ ነው። በኡምብሪያና በማርኬ ክልሎች ውስጥ ሲያልፍ የሚቆምባቸው አብዛኞቹ ጣቢያዎች በውጭ ጎብኚ ዘንድ እምብዛም የሚታወቁ አይደሉም።

ከሮም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ የሚገኘው ስፖሌቶ በ1958 በተጀመረውና ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ በሚካሄደው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫሉ ሰሞን ይጨናነቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ካቴድራሉንና በውስጡ ያሉትን የሰዓሊው የፊሊፖ ሊፒን ሥዕሎች በእርጋታ ማየት ይቻላል። ቀጣዩ ትልቅ ጣቢያ ፎሊኞ ነው። ፎሊኞ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ውበቷ ዓይን የማይስብ የባቡር መገናኛ ብትሆንም ማረፊያ ለማድረግ ከሁሉ ትመረጣለች። የዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው እ.ኤ.አ በ1472 እዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ባቡር ስፔሎ ይደረሳል፤ ከተማዋ የሮማውያን ዘመን በሮቿን እንደጠበቀች ያለች ናት። በወይራ ዘይቷ የታወቀችው ትሬቪም ቅርብ ናት፤ በሮም ካለው የትሬቪ ፏፏቴ ጋር ግን ከስም በቀር አይገናኙም። ባቡር የማይደርስባት ቤቫኛ ከፎሊኞ 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የምትገኝ ሲሆን ጉዞው በአውቶቡስ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ የአውቶቡስ ጉዳይ ላይ ነው። በጣቢያ የተለጠፈው የሰዓት ሰሌዳ ሦስት ቃላት ይዞ ይገኛል። «ፌሪያሌ» የሚለው የእረፍት ቀን ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ቅዳሜን የጨመረ የሥራ ቀን ነው። «ፌስቲቮ» እሑድንና በዓላትን ያመለክታል፤ በእነዚህ ቀናት አገልግሎቱ በጣም ይቀንሳል፣ ጭራሽ የማይኖርበትም ጊዜ አለ። «ስኮላስቲኮ» የሚለው ደግሞ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ብቻ የሚሄድ ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች ከጁን አጋማሽ በፊት ተዘግተው በሴፕቴምበር አጋማሽ ስለሚከፈቱ፣ ይህ ምልክት ያለበት አውቶቡስ በበጋ የለም። ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚጻፍ በመሆኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የለመደ ሰው 14፡05 የሚለውን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 መሆኑን ልብ ሊል ይገባል። በየከተማው ያሉ ሱቆች፣ ቤተ ክርስቲያናትና አነስተኛ ሙዚየሞች ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተዘግተው እስከ 10 ሰዓት መቆየታቸው የተለመደ ነው። በመሆኑም ጉብኝቱን በማለዳ ጀምሮ በሙቀቱ ሰዓት ምሳ በልቶ ማረፍ ያዋጣል።

የምሳን ነገር ካነሣን፣ ምግብ ቤቶች ዳቦና ማዕድ ማዘጋጃ ብለው በሰው የሚያስከፍሉት «ኮፔርቶ» የተባለ አነስተኛ ሒሳብ በብዙ ቦታ ስላለ ደረሰኙ ላይ ሲታይ እንደ ስሕተት ሊቆጠር አይገባም። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 የሚውል በመሆኑ በዚያ ሰሞን የሚጓዝ ጾመኛ በስፖሌቶና በፎሊኞ አካባቢ «ስትራንጎትሲ» የሚባለውን ፓስታ ቢጠይቅ መልካም ነው። በዱቄትና በውኃ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሌላው በእጅ የተሠራ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት። አይብ እንዳይጨመርበት መናገር ግን የጾመኛው ድርሻ ነው።

ከፎሊኞ ባቡሩ ተራራውን ዘልቆ ወደ ማርኬ ሲሻገር ፋብሪያኖ ይገኛል። ሥራው ከወረቀት ጋር ለሆነ አንባቢ ከዚህች ከተማ የሚበልጥ ማረፊያ የለም ማለት ይቻላል። ወረቀት መሥራትን ኢጣሊያውያን ከዐረቦች ቢማሩትም፣ የፋብሪያኖ ባለሙያዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጨርቁን በውኃ ኃይል በሚሠራ መዶሻ መውቀጥን፣ ወረቀቱን ከእንስሳት በሚገኝ ሙጫ መቀባትን፣ እንዲሁም ወደ ብርሃን ሲያዝ ብቻ የሚታየውን ምልክት ማስገባትን አስፋፍተዋል። ዛሬ በገንዘብ ኖቶችና በፓስፖርት ገጾች ላይ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት የዚያ ዘር ነው። በቀድሞው የዶሚኒካን ገዳም የተቋቋመው የወረቀት ሙዚየም አሠራሩን በተግባር ያሳያል። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወረድ የምትገኘው ዬዚ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሁለተኛ እ.ኤ.አ በ1194 የተወለዱባት ከተማ ስትሆን፣ እናታቸው በአደባባይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ እንደወለዷቸው ይተረካል። ተጨማሪ ቀን ያለው ከአንኮና ወደ ሰሜን ሄዶ ከፔዛሮ በአውቶቡስ የሰዓሊው የራፋኤል የትውልድ ከተማ የሆነችውን ኡርቢኖን፣ ወይም ወደ ደቡብ ወርዶ በነጭ ድንጋይ አደባባይዋ የታወቀችውን አስኮሊ ፒቼኖን ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ በ2016 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በሁለቱ ክልሎች ድንበር ባሉ ተራራማ ከተሞች ላይ ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰ በመሆኑ ወደዚያ ከመሄድ በፊት ክፍት የሆነውንና በግንባታ ላይ ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከሌላው ጎብኚ በተለየ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ጸጥ ባሉ ከተሞች የመንገድ ስሞች መካከል «አዱዋ ጎዳና» የሚለውን ሳያገኝ ረጅም ጊዜ አይቆይም፤ አምባ አራዶምም፣ ዶጋሊም፣ አዲስ አበባም በየከተማው አሉ። በየአደባባዩ ባሉ የሙታን መታሰቢያ ድንጋዮች ላይም በአፍሪካ የወደቁ ወታደሮች ስም ተቀርጾ ይነበባል። ብዙው የአገሬው ሰው ስሞቹ ከየት እንደመጡ ሳያስብ ያልፋል። ከሮም በስተምሥራቅ ባለችው አፊሌ ግን ጉዳዩ ከመዘንጋት ያለፈ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እ.ኤ.አ በኦገስት 2012 በሕዝብ ገንዘብ ያስገነባውን መታሰቢያ የመረቀው ለሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ በማን የሥልጣን ዘመን እንደተፈጸመ ለአንባቢ ማስታወስ አያሻም። መታሰቢያው በኢትዮጵያውያንና በኢጣሊያ ፀረ ፋሺስት ማኅበራት ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ያስነሣ ሲሆን ከንቲባውም ፍርድ ቤት ቀርበውበታል። የከተማ ዝርዝር ይዞ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ይህንን አውቆ ቢወስን ይሻላል።

ማረፊያን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ በ1985 በወጣ ሕግ ሥርዓት የተበጀለት የገበሬ ቤት መስተንግዶ ርካሽና ምቹ ቢሆንም አብዛኛው ከከተማ ውጭ ስለሆነ መኪና ይጠይቃል። መኪና የሚከራይ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊይዝ ይገባል፤ ወደ ጥንታዊ የከተማ ማዕከሎችም ያለ ፈቃድ መግባት የለበትም። መግቢያው ላይ ያለው ካሜራ የሰሌዳ ቁጥሩን ይመዘግብና መቀጫው ከወራት በኋላ በአከራዩ በኩል ይደርሳል። በብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ከአልጋው ዋጋ ሌላ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የማረፊያ ግብር አለ፤ ወጪ አወራርዶ ለሚያስመልስ ሰው ደረሰኙን ለይቶ ማስቆረጥ ይጠቅማል።

የክልል ባቡሮች ዋጋ ቋሚ በመሆኑ ቀደም ብሎ መግዛት ቅናሽ አያስገኝም፤ የወረቀት ትኬት ግን ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ባለው ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ያላስመታ ይቀጣል። ከአንኮና ወደ ሮም መመለሻው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። የባቡር ድርጅቶች ትላልቅ የሐዲድ ሥራዎችን የሚያካሂዱት መንገደኛ በሚቀንስበት በበጋ ስለሆነና በእነዚያ ቀናት ባቡሩ በአውቶቡስ ስለሚተካ፣ በረራ ያለው ሰው ወደ ሮም በበረራው ዋዜማ ገብቶ ማደር ይኖርበታል።